የሰለሪው ውሃ

ጥር 6
ዛሬም ሆቴሉ ወጥ ቤት ሰለሪ ስከትፍ ዋልኩ። ሙሉ ሣጥን። ክሩን መላጥ፣ ግንዱ ለሰላጣ፣ ቅጠሉ ለሾርባ። ሼፉ ከኋላዬ ቆሞ፣ "የተቀቀለበት ውሃ እንዳይደፋ! ጣዕሙ እዚያ ነው ያለው" አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይላታል። የተረፈውን በፌስታል ይዤ ገባሁ።

እትዬ ምሳዋን አልነካችም። ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ ጨው ተከልክላለች። "ይህን ከምበላ ግድግዳ ብልስ ይሻለኛል" አለችኝ። ታላቄ ናት፣ ምን እላታለሁ?

ጥር 9
ቲማቲም ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ አነበብኩ፦ "ሰለሪ ጨው ለተዉ ሰዎች ምግብ ያጣፍጣል፤ ነገር ግን..." ከዚያ ተቀዷል። ማንበብ የተማርኩት ከእንዲህ ያለ ቁራጭ ነው፤ የጎደለውን መገመት ለምጃለሁ። "ነገር ግን በደንብ ይታጠብ" ይሆናል...

ጥር 10
በደንብ አጠብኩት። ከድንችና ከካሮት ጋር ቀቀልኩት፣ ውሃውን ጠብታ ሳላባክን።
"ላም አደረግሽኝ እንዴ?" አለች። ቀመሰች። "አንቺ፣ ጨው ጨምረሻል!"
"እናታችንን! ቅንጣት የለበትም።"
ሳህኑን አንስታ ጨለጠችው። ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

ጥር 27
ጠዋትና ማታ ትጠጣለች። ዛሬ ግን "እግሬ አልታዘዝ አለኝ፣ ልቤም ይዘላል" አለች። ድካም ይሆን? ሾርባውን ትንሽ ጨመርኩላት።

የካቲት 2
ሆስፒታል ነን። ነርሷ፣ "ምን ትመግቧት ነበር?" አለች። ነገርኳት።
"ከነውሃው?"
"ከነውሃው።"
"ለኩላሊት ሕመምተኛ አትክልት ሲቀቀል ውሃው ይደፋል እኮ! ልብ የሚጎዳው ፖታሲየም የሚወጣው ወደ ውሃው ነው። አልነገሯችሁም?"
ነግረውን ይሆን? እኔ የሰማሁት ጨው የሚለውን ብቻ ነው። ከጋዜጣው የተቀደደው ይሄ ነበር?
እትዬ እጄን ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ፣ "እሷን ተያት። ነገ ሾርባዬን ይዘሽልኝ ነይ፣ አደራ" አለችኝ።
እሺ አልኳት።

የካቲት 3
ባዶ እጄን ሄድኩ።

የካቲት 5
እትዬ ዐረፈች።

የካቲት 19
ሥራ ገባሁ። ሰለሪ፣ ሙሉ ሣጥን። ቀቀልኩና ድስቱን ማጠቢያው ላይ ዘነበልኩት። አረንጓዴው ውሃ ተንቆርቁሮ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁ።
ሼፉ ጮኸ፣ "ምን ነካሽ አንቺ ሴት? ጣዕሙን እኮ ደፋሽው!"
"አዎ" አልኩት።
እጄ መድፋት አሁን ተማረ... ለማን?