ማሽን የማያውቀው አውራ ጣት

ውድ አክስቴ ፖኒራ፣

ለመሆኑ ሲሠራ የዋለ ሰው እንዴት «ከሥራ ቀርተሃል» ይባላል?

አንቺ አልጠየቅሽም። ሽሪምፕ ስትልጪበት የኖርሽውን እጅ በረዶውና ክሎሪኑ አሻራውን ጠርገው አጠፉት። የፋብሪካው የአሻራ ማሽን «አላውቅሽም» ባለሽ ቁጥር የቀኑ ደመወዝሽም ትርፍ ሰዓትሽም ቀረ። በመጨረሻ «መቅረት አበዛሽ» ብለው ሲያባርሩሽ፣ «ተይው ልጄ፣ ያለፈው አለፈ» ብለሽኝ አገርሽ ፓቺታን ገባሽ። እኔን በሕግ ያስመረቀኝ ያ እጅ ነው። አልተውኩትም!

ማክሰኞ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አንዲት ኢንስፔክተር ይዤ ፋብሪካው ሄድኩ። ፎርማኑ ዳርሶኖ ማሽኑን መታ መታ እያደረገ፣ «ማሽን አይዋሽም፣ እመቤት። እዚህ ላይ ያልተመዘገበ አልመጣም ማለት ነው» አለ።

ይሄኔ ጓደኛሽ ቱሚኒ ከነሽርጧ መጥታ አውራ ጣቷን ለጠፈችበት። ማሽኑ ጮኸ፤ አላወቃትም።

«ወይ ጉድ! የለሁም እንዴ?» አለች ራሷን እየዳበሰች። «ጋሼ ዳርሶኖ፣ ከሌለሁማ ቤቴ ልሂዳ!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ ከኋላ «እኔም የለሁም!» ብላ ሽርጧን መፍታት ጀመረች። «እኔም!» «እኔም!»

ዳርሶኖ ደሙ ፈላ። «ወደ ሥራሽ ተመለሺ! አንቺና ፖኒራ አንድ ቀን እንኳ ቀርታችሁ የማታውቁ ሴቶች፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

ኢንስፔክተሯ ከጽሑፏ ቀና አለች። «እስቲ ይድገሙልኝ። ማን ነው ቀርታ የማታውቀው?»

ዳርሶኖ ከማሽኑ ፈቀቅ አለ።

አክስቴ፣ የቱሚኒና የሌሎቹ አቤቱታ ገብቷል። ያንቺ ግን አንቺ ካልፈረምሽበት አይገባም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ሩዝም አይገባበትም እኮ! የፋብሪካው ሰዎች የሚተማመኑት በዝምታሽ ነው፤ እኔ ደግሞ በጣትሽ።

ከደብዳቤው ጋር በላክሁልሽ ወረቀት ግርጌ አውራ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ አሳርፊበት። መስመር የሌለው፣ ልሙጥ ጥቁር ነጥብ ቢወጣ አትደንግጪ፤ ሌላ ጣትም አትሞክሪ። እንደወጣ ላኪልኝ። ያ ልሙጥ ነጥብ፣ ስትሠሪ መኖርሽን ከማንም ጠበቃ በላይ ይናገራል።

መልስሽን በር በር እያየሁ እጠብቃለሁ።

ያሳደግሽኝ ኪናሲ
ሲዶአርጆ