የብሎክ 14 ራፐርና የሰብሳቢው ቀይ እስክሪብቶ

ለተከበሩ አቶ መኩሪያ
የብሎክ 14 ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቦሌ ቡልቡላ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጋራ ቤቱን ቁልፍ ለአንድ ሳምንት ስለ መጠየቅ

ጋሼ መኩሪያ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ከአራተኛው ፎቅ ደረጃ ጋር ተስማማ? ስኳርዎም ደም ግፊትዎም ወርዶ፣ ድምፅዎ ብቻ እንደተለመደው ከፍ ብሎ እንዲኖርልን እመኛለሁ። እኔ ሁለተኛ ፎቅ የምኖረው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ፌናን ነኝ፤ «ያቺ ምላሳም» እያሉ በፍቅር የሚያነሱኝ።

ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ስለ ጎረቤቴ ስለ ቤዛዊት ነው። ቤዛዊት ቀን ኤርፖርት ካርጎ ዕቃ ትመዘግባለች፣ ከሥራ ስትመለስ ራፕ ታደርጋለች፤ የመድረክ ስሟ ቃሪያ ነው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ «እህ!» የምል ተቀባይዋ ነኝ። የዛሬ ሳምንት አትላስ አካባቢ በሚደረገው የራፕ ውድድር የመጨረሻው ዙር ላይ ትቀርባለች። ካሸነፈች አልበም ይሠራላታል፤ ካልሆነ ግን ማይክ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንደማትነካ ነግራኛለች። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ቁልፉን ከመጠየቄ በፊት ግን ለእስካሁኑ ውለታዎ ማመስገን ስላለብኝ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ቤዛዊት ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚመጣውን ውሃችንን ልክ እንደ ቀጠሮ አፍራሽ ፍቅረኛ አድርጋ የወቀሰችበትን የመጀመሪያ ዘፈኗን ስታወጣ፣ ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ስለ ጠሩልን እናመሰግናለን። ሴት ልጅ በአንድ ደቂቃ ይህን ያህል ቃል መናገሯ ለጤናም እንደማይበጅ ያስረዱን ያን ጊዜ ነው። ስብሰባው አራት ሰዓት የፈጀ ሲሆን፣ ሦስቱን ሰዓት ተኩል የተናገሩት እርስዎ ነበሩ።

2. ዘፈኑ በየታክሲውና በየካፌው ሲከፈት፣ በሁለት ቀን ውስጥ በብሎኩ መግቢያ በር ላይ «የኮሚቴያችን ፍሬ» የሚል ባነር ስለ ሰቀሉ ከልብ እናመሰግናለን። የእርስዎ ፎቶ የበር ያህል፣ የእሷ ደግሞ የቴምብር ያህል ስለነበር፣ ፊርማ ፈልገው የመጡ ልጆች ራፐሩ እርስዎ መስለዋቸው ደረጃው ላይ እንደጠበቁዎት አይረሱትም። ፈርመውላቸዋል።

3. በብሎካችን በዓል ላይ እንድትዘፍን ሲጋብዟት፣ ግጥሟን በሦስት ኮፒ አስቀርበው በቀይ እስክሪብቶ ስላረሙላት ምን ብለን እንደምናመሰግንዎ አናውቅም። «ብሮ» ተሰርዞ «የተከበሩ ነዋሪ» ሆነ። «ውሃ የለም» የሚለው «የውሃው ጉዳይ በሂደት ላይ ነው» በሚል ተተካ። አዝማቹም «አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ሆኖ ጸደቀ። ቤዛዊት የትልቅ ሰው ቃል አታጥፍምና አንድም ሳታስቀር ዘፈነችው፤ እኔም ከኋላ ሆኜ «ጸደቀ!» አልኩ። በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ስሟ «ቃለ ጉባኤ» ሆነ፤ አንድ ሆቴልም የሰጣትን መድረክ በስልክ ሰረዘ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ስልኳን ያጮኸላት ሰው ቢኖር እናቷ ብቻ ነበሩ።

4. ባነሩ እንዳይባክን ገልብጠው «እዚህ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ብለው ስላስጻፉበት፣ ቁጠባዎን እናደንቃለን። ንፋስ ሲነሳ ግን ይገለበጥና ቃሪያ ቆሻሻ ስትጠብቅ ትታያለች። የራስዎን ፎቶ አስቀድመው በመቀስ ቆርጠው ማውጣትዎን ስናይ፣ አስተዋይ መሪ እንዳለን ተረዳን።

አሁን ወደ ቁልፉ ልመለስ። ቤዛዊት በጽሑፍ ብትጠይቅዎ፣ የጋራ ቤት ለጋራ ጉዳይ እንጂ ለግል ጩኸት እንዳልሆነ በጽሑፍ መልሰውላታል። ትክክል ነዎት፤ ቤቱ ለልቅሶ፣ ለሰርግ፣ እንዲሁም እሑድ እሑድ እርስዎና ሦስት ጓደኞችዎ በር ዘግታችሁ ኮንከር ለምትጫወቱበት ከባድ አገራዊ ጉዳይ የተሠራ ነው። እውነቱን ለመናገር ካርታ ስትጥሉ ጠረጴዛውን የምትመቱት አመታት ከእኛ ቢት ይበልጣል፤ ፈቃድዎ ከሆነ እንቀዳዋለን።

ቤዛዊት ግን ቤቷ ስትለማመድ ግድግዳው ቀጭን ነው ተብላ፣ ሰሞኑን ደረጃው ሥር ቆማ በሹክሹክታ ነው የምትለማመደው። ጋሼ፣ በሹክሹክታ ራፕ ሲደረግ ሰምተው ያውቃሉ? ኑዛዜ ይመስላል። ትናንት አንድ ጎረቤታችን ሰምተዋት «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ይቅር ይልሻል» ብለዋት አለፉ። ሰው እንዲህ ተለማምዶ ሺህ ሰው ፊት መቆም አይችልም። አንድ ሳምንት ብቻ፣ በቀን ሁለት ሰዓት፤ ወለሉን ጠርገን፣ ወንበሩን ደርድረን እንመልሳለን።

ዕድሜን ከማቱሳላ፣ ትዕግሥትን ደግሞ ከጎረቤቶችዎ ተበድረው እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከምላሴ ግን ቀና ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ፌናን፣ የቃሪያ ተቀባይ

ግልባጭ፦
ለብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ
ለኮንከር ጓደኞችዎ

ማስታወሻ፦ ያለ ኮሚቴው ማኅተም ሰሌዳው ላይ ምንም እንደማይለጠፍ ስለማውቅ ደብዳቤውን ይዤ ቤትዎ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ግን አልነበሩም። ባለቤትዎ እትዬ ዘርፌ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡትና ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱበት፤ ቁልፉንም ከመሳቢያዎ አውጥተው ሰጡኝ። «ሠላሳ ዓመት እሱ ሲናገር ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ እሷ ትናገር» ነው ያሉት። ልምምዱ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይጀመራል። በቀኝ በኩል የምቀበለው እኔ ስሆን፣ በግራ በኩል የሚቀበሉት እትዬ ዘርፌ ናቸው። እራትዎ ድስት ውስጥ አለ ብለዋል፤ ማሞቁ ግን የእርስዎ የግል ጉዳይ ነው።