የአልቤሮቤሎው ድንጋይ ቤት

ሐሙስ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልቅሶ ላይ ያለ ሰው ደህና ነሽ ወይ ተብሎ እንደማይጠየቅ አላጣሁትም፤ ግን ደብዳቤ በምን ይጀመራል? ቀብሩንም ሰልስቱንም ብቻሽን እንደተወጣሽው ሰምቻለሁ። እግዜር ጉልበት ይስጥሽ። እኛም፣ እኔና አባባ፣ ልጄ ቤዛዊትም፣ በቁማችን አለን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ግድግዳው ካርቶን ነው። አባባ ክፍላቸው ሆነው ሲያዛጉ ወጥ ቤት ይሰማኛል፤ የእኔም ለእሳቸው እንደዚያው ነው። ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው ስላገኘሁ፣ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ደጅ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ በምሳ ዕረፍቴ እየጻፍኩልሽ ነው። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ለአባባ የወንድማችን የአክሊል መርዶ ይነገራቸዋል።

ልወቅስሽ ነው የተነሳሁት፣ ቅር አይበልሽ። ታናሽ ወንድማችን በሞተ ማግስት ደውለሽ፣ ቲኬታቸው ተቆርጧል፣ ዕድሜ ልካቸውን የተመኙትን አገር አይተው ይምጡና ከዚያ ይነገራቸዋል ያልሽው አንቺ ነሽ። የዘመዱ ሁሉ ሽማግሌ ጋሽ ከፈለም እዚሁ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው ዘመድ ሰብስበው ያንኑ አጸኑት። መንገደኛ መርዶ አይነገረውም አሉ። ቤዛዊት ብቻ፣ «ማሚ፣ ጀስት ቴል ሂም! ልጁ እኮ ነው!» አለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ይሰማል? ሁላችሁም ወደየልቅሷችሁ ስትሄዱ፣ እኔ ጥቁሬን አውልቄ የጣሊያን ሻንጣ አዘጋጀሁ።

የዚያችን የጣሊያን ከተማ፣ የአልቤሮቤሎን ነገር አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አባባ ወጣት ግንበኛ ሳሉ ጣሊያኑ አለቃቸው፣ በእኔ አገር ጣሪያውም ድንጋይ ነው፣ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ እንጨት የቆመ ሲላቸው፣ ውሸታም ብለውት አንድ ሳምንት ተኮራርፈው ነበር አይደል? ስልሳ ዓመት ሙሉ ያ ክርክር አልለቀቃቸውም።

ጣሊያኑ ግን አልዋሸም። ቤቶቹ ግድግዳቸው በኖራ የነጣ፣ ጣሪያቸው እንደ ጎጆ ሾል ያለ ነው። ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ ይገጥማል። አንድ ምሰሶ የለው፣ አንድ ማገር የለው። የተከራየነውም ከእነሱ አንዱን ነበር። አባባ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ ሲኞር፣ ይቅር በለኝ አሉ፣ በአማርኛ። እኔም አክሊል ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

ሳቄ አልቆየም። በይ አክሊልን በቪዲዮ ደውይልኝ፣ እሱም ግንበኛ ነው፣ ካላየ አያምንም አሉኝ። ኔትወርክ የለም አልኩ። ጋምቤላ ለሥራ ሄዷል አልኩ። በማግስቱም ጠየቁኝ፤ ጋምቤላ ስልክ የለም እንዴ ብለው ተቆጡ። ከመንገድ ዳር ሱቅ መዳፍ የምታህል የድንጋይ ቤት ለእሱ፣ ቢጫ ሻርፕ ለእኔ ገዙ። አድርጊውና ፎቶ ተነሺ አሉኝ። እትዬ፣ ወንድሜ ሞቶ ሳምንት ሳይሞላው ቢጫ አድርጌ ጥርሴን አሳየሁ! እንባዬ ሲመጣብኝ ሻወር ውስጥ እገባለሁ፣ በቀን ሦስት አራቴ። አባባ፣ አንቺ ልጅ ዳክዬ ሆንሽ እንዴ ብለው ቀለዱብኝ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ወረፋ ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ ፍቅረማርያም በእድሩ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ነው። የአክሊል መርዶ ለአባቱ ቅዳሜ ግንቦት 30 ከንጋቱ 11 ሰዓት ስለሚነገር ከሥራ ኦፍ ያልጠየቃችሁ ከወዲሁ ጠይቁ፤ እስከዚያ ግን አባቱ እንዳይሰሙ ጥብቅ ምስጢር ነው ይላል። መቶ አሥራ ሰባት ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። አንዱ አባባ ናቸው።

ደወልኩለት። «ውይ በሞትኩት! እሳቸው ግሩፑ ላይ አሉ እንዴ? አሁኑኑ ዲሊት አደርገዋለሁ፣ ሶሪ፣ ሶሪ» አለኝ። አጠፋው። እኔም ዳቦውን ትቼ ሮጥኩ።

አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ ስልካቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ፊታቸውን አየሁት፣ ምንም አላገኘሁበትም። ይህ ስልክ ሲጮኽ ዋለ፣ አጥፊልኝ ብለው ሰጡኝ። ቀጥለውም ትንሽ ጋደም ልበል፣ እንዳትቀሰቅሺኝ ብለው ገብተው በሩን ዘጉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ደጅ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ብለጥፍ ምንም አይሰማም፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ውፍረቱ ከክንዴ ርዝመት ይበልጣል። እንግዲህ አላነበቡትም፣ ተኝተዋል ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ።

ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበዋል። ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ የሠራው ሰው ጎበዝ ነው፣ ድምፅ አያሳልፍም አሉ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። አንቺም ደክሞሻል፣ ግቢና በሩን ዝጊ፤ እኔ ከዚህ እጠብቅሻለሁ፣ እስኪበቃሽ ቆዪ አሉኝ። ገባሁ። አፌን በትራስ ሳላፍን፣ ውሃ ሳልከፍት፣ ወንድሜን አለቀስኩት። ደረቴን እየመታሁ ስሙን ጠራሁት። ስወጣ አባባ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር፤ ዞረውም አላዩኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አክሊልን ደውይልኝ ብለውኝ አያውቁም። ጢማቸውንም አልተላጩም። ሰኞ ከተመለስን ጀምሮ ፍራሻቸውን ከአልጋው አውርደው መሬት ላይ ነው የሚተኙት። ወገቤን ነው ይሉኛል። እኔም የወገብ ቅባት ገዛሁላቸው! ምን ላድርግ? እንዲህ እንዲህ ሆነዋል ብዬ ለጋሽ ከፈለ ብነግራቸው ተቆጡኝ። «መርዶ ወግ አለው፤ ሰው ሳይሰበሰብ በአንቺ አፍ አይነገርም። ደግሞ ስንቱ ሰው ሺፍቱን ለውጧል!» አሉ። ትናንት እንደ ምንም ብዬ ፊታቸው ቆምኩ። ልናገር አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝና ስለ ጣሪያው ድንጋይ አወሩኝ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ፋታ ሳይሰጡኝ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አወሩ። አቅም አጣሁ እትዬ። ብናገር ወግ አፈረስሽ እባላለሁ፤ ዝም ስል ደግሞ አባቴ ብቻቸውን ናቸው፣ ከግድግዳው ማዶ።

ቅዳሜ ሰው እንደሚመጣ ማንም አልነገራቸውም። ዛሬ ጠዋት ግን ወደ ሥራ ስወጣ ከሳሎን ጠሩኝ። ለቅዳሜ ወንበር ይበቃናል ወይ አሉኝ። ቁልፌን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ይበቃል አባባ አልኳቸው። ደግ፣ በይ ሥራ እንዳይረፍድብሽ አሉኝ።

እህት ዓለሜ፣ አንቺን ያጽናልኝ። የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ለአባባ ጸልዪላቸው፤ ለቅዳሜ ንጋትም ለእኔ።

በመንገድ ላይ ሆኜ አብሬሽ ያላለቀስኩት፣
ታናሽ እህትሽ