ፊዚክስ የለበሰው ትራክተር

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዛሬም ጠመኔ የለም። ከአሥረኛ ክፍል ስባሪ ለምኜ የአሥራ አንደኛን ባዮሎጂ አስተማርኩ። ማይክሮስኮፕ ይህን ይመስላል ብዬ ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። ከፋለ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?" አዎ አልኩት፤ አዲስ አበባ ስማር፣ ሁለት ጊዜ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ከሰዓት ዳይሬክተራችን ጓድ ዘውገ እጁን እያፋተገ መምህራን ክፍል ገባ። ኢንስፔክተሮች ከደሴ ሊመጡ ነው። መስከረም ላይ አሥራ አንደኛ ክፍልን ያለ ፈቃድ ሲከፍት "እውቅናው ይደርሳል" ብሎን ነበር። አልደረሰም። አሁንም ከከለከሉን ልጆቹ ዓመቱን እንዳልተማሩ ነው የሚቆጠረው። ወልድያ ቤት ተከራይተው እንደገና ይጀምሩ? በዚህ ድርቅ የማን አባት ይችላል?

ከትምህርት የወጣውን ወንድ ልጅ ደግሞ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይወስደዋል። ይህን ዘውገ አላነሳውም። ማናችንም አላነሳነውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ሂስና ግለ ሂስ ነበረን። በየሁለት ሳምንቱ ተሰብስበን እርስ በርስ የምንወቃቀስበት፣ ከዚያ ራሳችንን የምንወቅስበት… ብዙ ጊዜ ማርፈድና ሲጋራ ነው የሚነሳው። ዛሬ ግን ቆርጬ ተናገርኩ።

"ቤተ ሙከራ የለንም። ቤተ መጻሕፍታችን ባዶ መደርደሪያ ነው። ፊዚክስ የሚያስተምረው የታሪክ መምህሩ ጓድ ባዘዘው ነው። ይህን ራሳችን እንንገራቸውና ጊዜ ይስጡን፤ ልጆቹን ብቻ እንዳይሰርዙብን።"

ባዘዘውም ደገፈኝ። "እኔ ስለ ኒውተን የማውቀው የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት ነው" አለ። ቤቱ ሳቀ። ዘውገ አልሳቀም።

"ጓድ ይማርሽ፣ ይህ ተስፋ አስቆራጭነት ነው። የንዑስ ከበርቴ ጠባይ! ግለ ሂስ አድርጊ።"

ቆሜ አደረግሁ። ተስፋ በመቁረጤ ራሴን ወቀስኩ፤ እነሱም አጨበጨቡ። ቤቴ ስገባ ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

አከራዬ እትዬ አዛለች ከገበያ ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሙ። የከፋለ እናት ናቸው።

"ስሚ እስቲ ይማርሽ፣ ልጄ ኸትምርቱ ሊወጣ ነው አሉኝ። እውነት ነው?"

"አይወጣም እትዬ።"

"ታላቁን ወሰዱት፤ ወሬውም የለ። ይኸን እንኳ ይተዉልኝ እንጂ…"

ምን አውቄ ነው አይወጣም ያልኩት?

ሐሙስ፣ የካቲት 15

መጽሐፍ መጣ! ሦስት አህያ ሙሉ። ሮጬ ሄድኩ። ስገልጠው… ሁሉም በሩሲያ ቋንቋ። የወዳጅነት ስጦታ ነው አሉ፤ መጋዘን ውስጥ ከርሞ አይጥ ጥጉን በልቶታል።

የዘውገ ፊት ግን በራ። "ለብዷቸው!" አለ። ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ስንለብድ ዋልን። እሱ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም ይጽፋል፦ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። የሚለያቸው በውፍረት ነው። ወፍራሞቹ ፊዚክስ ሆኑ።

"ቢገልጧቸውስ?" አልኩት።

"ኢንስፔክተር ይቆጥራል እንጂ አይገልጥም። ስንቱን አስተናግጃለሁ መሰለሽ!"

እኔም ለበድኩ። የእኔ አለባበድ ከሁሉም ያምር ነበር፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 27

መጡ። መኪናቸው መንገድ ላይ ኩልመስክ ሲደርስ ተበላሽቶባቸው እዚያው አድረው፣ አቧራ ለብሰው። ሦስት ናቸው። ዘውገ "ጓዶች አይጾሙም" ብሎ በግ አሳርዶ ነበር። ሁለቱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ሽሮ አይጠፋም?" አሉኝ።

ቤተ መጻሕፍት ገባን። መደርደሪያው ጢም ብሏል። ሁለቱ ቆጠሩ፤ እውነትም አልገለጡም። ዘውገ በዓይኑ "አየሽ?" አለኝ። ሦስተኛው፣ ጓድ ሸጌ የሚባሉ ሽበታም ሰው፣ ከወፍራሞቹ አንዱን መዘዙ። ገለጡ። ከዚያ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ በሩሲያኛ! ለካ የተማሩት ሞስኮ ነው…

"ፊዚክስ ነው የሚለው?" አሉ ጀርባውን እያዩ። "ይህ እኮ የትራክተር ሞተር ጥገና ነው።"

ሳቃቸው መጣ። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ቀጥለው ባዮሎጂን ገለጡ። "ይኼ ደግሞ የጎመን ሾርባ አሠራር!" ከእሳቸው ሌላ የሳቀ የለም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ላስታ፣ ብልባላ ነው፤ በአገሩ ሁሉ ትራክተር አይቼ አላውቅም።

ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎስ ምን ያስተምራሉ?"

"ባዮሎጂ።"

"በምን?"

ዘውገ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በጠመኔ" አልኩ። "እሱም ሲገኝ።"

ከዚያ ወዲያ አፌን የሚይዝልኝ ጠፋ። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ልጆቹ ከተሰረዙ ወዴት እንደሚወሰዱም ነገርኳቸው። ጓድ ሸጌ መሬት መሬት አዩ። ሳቁ ጠፋባቸው። "የምችለውን አደርጋለሁ" አሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 28

ዘውገ ሰላም አላለኝም። ባዘዘው በሹክሹክታ "ደግ አደረግሽ" አለኝ። ለምን በሹክሹክታ?

ሰኞ፣ መጋቢት 17

በልጉም ቀረ። ከደሴም መልስ የለም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2

መልሱ መጣ። እውቅና ተከልክለናል። አሥራ አንደኛ ክፍል ይዘጋ፤ ቤተ ሙከራና የፊዚክስ መምህር ከተሟላ ለመስከረም "እንደገና ይታያል"። ጓድ ሸጌ የቻሉት ይህችን ነው መሰለኝ።

ዘውገስ? ደሴ ተዛወረ። በዕድገት! ሌላ ሰው እስኪመደብ ቦታውን እኔ እንድይዝ ታዟል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱ ዋሽቶ አደገ። እኔ እውነት ተናግሬ ምን አተረፍኩ? ልጆቹን አሰናብቺ ተባልኩ።

ትናንት ከፋለ የማይክሮስኮፑን ሥዕል ደብተሩ ላይ አሳምሮ ሥሎ አሳየኝ። እሱን ምን ብዬ ነው የማሰናብተው?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

ልጆቹ አልሄዱም። ጠዋት መጥተው ባሕር ዛፉ ሥር ተኮልኩለው ተቀመጡ። ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ልነግራቸው ስሄድ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ቢሆነኝ ሁለት አብዮት ጥበቃ አስከትሎ በሩ ላይ ደረሰ። እትዬ አዛለች ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

"አሥራ አንደኛ ክፍል ተዘግቷል አሉ" አለኝ። "እንግዲህ እነዚህ ተማሪ አይደሉማ?"



"ማነው ያለህ? ተማሪዎቼ ናቸው" አልኩ። "ደወል እስኪደወል ነው ውጭ የተቀመጡት።"

ሄጄ እንደ ደወል የሰቀልነውን የመኪና ቸርኬ በብረት መታሁት። ልጆቹ ተያዩ። ከፋለ ቀድሞ ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ተሰልፈው ገቡ። ቢሆነኝ ግን አልሄደም።

"ምን ሊማሩ ነው?"

"ፊዚክስ።" አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ባዘዘው ሌላ ክፍል ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ አንዱን ወፍራም አንሥቼ በቢሆነኝ ፊት አለፍኩ። ጀርባው ላይ ያለውን የዘውገን ቀይ ጽሑፍ ድምፁን አውጥቶ አነበበ፤ "ፊዚክስ…" ራሱን ነቀነቀ። ጥበቃዎቹን ይዞ ተመለሰ። እትዬ አዛለች አጥሩን ይዘው እዚያው ቁጭ አሉ።

ክፍል ገብቼ የሞተሩን ሥዕል ገለጥኩላቸው። እስኪደወል ድረስ ደብተራቸው ላይ ሲሥሉት ቆዩ።

ነገ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል። ደሴም ይሰማ ይሆናል። ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ነው። ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ ሽፋናቸው የተቀደደውን መጻሕፍት እንደገና ለበድኳቸው። ማንም አላዘዘኝም።