አባባ ዓይናቸውን አላርገበገቡም

ነሐሴ 23
ዝናብ። ጭቃ። ከቡይት ራስ ተራራ የወረደው ጉም ደባርቅን እንደዋጣት ዋለ። ከቢሮ ስገባ እማማ የቤቱን ስልክ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል አገኘኋት። እንዝጋው እላታለሁ በየዓመቱ... ማን ሊሰማኝ! ለእንቁጣጣሽ ይመኙሻል ከእስራኤል ትደውልበታለች። የዳባት የልጅነት ጓደኛዋ ናት፤ ከሄደች ሃያ ምናምን ዓመት። የእሷን ቁጥር አናውቅም። እሷ የምታውቀው ይሄን ብቻ ነው።
«የስልኩን ከፈልክ ወይ?» አለችኝ።
«በሞባይሌ እከፍላለሁ። አንድ ደቂቃ ነው።»
እንዲህ ለማለት ምን አስቸኮለኝ?

ነሐሴ 26
አንድ ደቂቃዋ ሦስት ቀን ሆናት። ኔትወርኩ ከጉሙ ጋር ይመጣል፣ ከጉሙ ጋር ይሄዳል። ሲመጣ ደግሞ የመክፈያው አፕ «የመስመሩ ባለቤት ካሜራው ፊት ይቅረቡ» ይላል። መስመሩ በአባባ ስም ነው። አባባ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት።
ለእማማ አነበብኩላት።
«እስቲ ንገራቸው፣ የት እንዳለ።»
ስሙን ወደ አንቺ እናዙረው ብላት ተቆጣች። «እሱ ያስገባውን ስልክ? ምን በድሎኝ!»

ነሐሴ 28
የወረዳውን ሠራተኛ «ዲጂታል እንሁን» እያልኩ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ዛሬ ያደረግኩትን ማንም እንዳይሰማ። የአባባን ፎቶ ከግድግዳ አውርጄ ካሜራው ፊት ያዝኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው ክብ አረንጓዴ ሆነ! ደስ ሲል... ከዚያ «እባክዎ ዓይንዎን ያርገብግቡ» አለ።
ፎቶውን ትንሽ ነቀነቅኩት።
«እባክዎ ፈገግ ይበሉ።»
እማማ ለካ ከኋላዬ ቆማለች። «በሕይወት እያለም ለፎቶ ስቆ አያውቅ። ተወው፣ አታድክመው።»
እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። መስታወቱን ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩት።

ጳጉሜን 1
አልተከፈለም።

ጳጉሜን 2
መልእክት መጣ። «ውድ ደንበኛችን አቶ አንዳርጋቸው፣ እስከ ጳጉሜን 4 ካልከፈሉ መስመርዎ ይቋረጣል።» «ውድ» የምትለዋን እማማ ወደደቻት፤ ሁለቴ አስነበበችኝ።
«ይመኙሻል ደውላ ባላነሳ... ሞታለች ትላለች።»


ጳጉሜን 3
ሥራ ጥዬ ወደ ስልክ ድርጅቱ ቢሮ። መስኮቱ ጋ ያለችው ዘርፈሽዋል ናት፣ አብረን የተማርን።
«ክፍያ በመስኮት መቀበል ቀርቷል። ስልክህን አምጣው እስቲ።»
አየችው። ሳቋ አመለጣት። «'የራሴ' የሚለውን ነው ስትጫን የከረምከው? እታች 'የሌላ ሰው' የሚል አለልህ። እሱ ፊት አይጠይቅም።»
«የሌላ ሰው? አባቴ እኮ ናቸው!»
«አውቃለሁ፣ ሰማኸኝ። ተጫነው።»
ተጫንኩት። እውነትም አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። አባባ... ሌላ ሰው?

መስከረም 1
ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የቤቱ ስልክ ጮኸ። እማማ አነሳችው፣ ግራ ገባት፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ታሊያ ናት፣ የይመኙሻል ልጅ። አማርኛዋ ይሰባበራል።
«እማዬ አሁን ብዙ ትረሳለች። የእኔንም ስም ትረሳለች። ይሄን ቁጥር ግን... ጠዋት አንድ በአንድ ነገረችኝ።»
ስልኩን ለእማማ መለስኩላት። ከወዲያ የደከመ ድምፅ እማማን በስሟ ሲጠራ እኔም ሰማሁት።
«አልጣሽ? አንዳርጋቸው ደህና ነው?»
እማማ ወደ ፎቶው አየች።
«ደህና ነው። ስልኩን እሱ ነው የከፈለው።»
አላረምኳትም። መስመሩን እንዝጋው የሚል ቃልም ከአፌ አይወጣም።