ንቦቹ የት ሄዱ?

ውድ ፈዲሉ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሸነን ያለው ሱቅህ ገበያው እንዴት ነው? ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ዋሽቼሃለሁ። አንተ «ልጄ ሰልሳቢል ታነባለች?» ትላለህ፤ እኔ «አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው!» እላለሁ። ድምፅህን ስሰማ ውሸቱ ይቀድመኛል። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ኦሮምኛ የሚጻፍበትን ቁቤ ማንበብ አልችልም። ከወራቤ አምቦ ስንመጣ ቋንቋውን ከገበያ ለቀምኩት፤ በሽንኩርት ዋጋ ተከራክሮ የሚረታኝ የለም። መጽሐፍ ሲዘረጋ ግን ዓይኔ ይደነግጣል። ወደ ሸነን ስትሄድ «ማስጠናቱ ያንቺ ነው፤ የንባብ ፈተናውን ከወደቀች ወራቤ እናቴ ጋ ሄዳ ትማራለች» ስትለኝ መናገር ነበረብኝ። «እሺ» አልኩህ።

ከዚያ እኔ ቁርኣን በተማርኩበት መንገድ አስጠናኋት፤ ሌላ መንገድ መቼ አውቄ! ጎረቤታችን ለንሳ አንድ ጊዜ ታነብላታለች፤ ልጅህ በጆሮዋ ትይዛለች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ እዚህ ሱቃችን ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ እየተወዛወዘች ታወርደዋለች። እኔ መጽሐፉን ይዤ፣ እሷ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ገጽ እገልጣለሁ። የሦስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ሙሉውን በቃሏ ሐፈዘችው፤ ኩራቴን ብታየው!

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔው ግን ሳሙና ሲሸጥ ጠራ። መምህሯ ኦቦ ባይሳ ሊገዙ ገብተው «አካም ጂርታ ሸምሲያ» ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ቆመው አዳመጧት። ከዚያ አንገታቸውን በባንኮኒው ላይ አሻግረው መጽሐፉን አዩ።

«የተከፈተው ስለ ንብ የሚያወራው ነው። ልጅቷ ስለ ዝናብ ትለኛለች። ንቦቹ የት ሄዱ?»

ሳቁ። እኔም አብሬ እየሳቅሁ መጽሐፉን ከደንኩት። ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፈተናው ላይ የምሰጣት ያላየችውን ገጽ ነው። አሥር ቀን አላችሁ» አሉኝ።

ፈዲሉ፣ መውጫ አጣሁ። ብነግርህ ልጄን አንተ ትወስዳታለህ፤ ባልነግርህ ፈተናው ይወስዳታል። ምላስ የሚፈታ ዱዓ ፍለጋ ኡስታዝ ያሕያ ጋ ሄድኩ። የሙሳን ዱዓ ሰጡኝ፤ ጉዴንም ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። «ነብያችን ‹አንብብ› ሲባሉ ‹ማንበብ አልችልም› ነው ያሉት። አላፈሩበትም። አላህ ዘንድ በዱዓሽ ሂጂ፤ ልጅሽ ዘንድ በእውነቱ ሂጂ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ አስቀመጥኳትና ነገርኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?

«አውቃለሁ እማ። ጣትሽ መስመሩን አይከተልም። አባባ እንዳይሰማ ነው ዝም ያልኩት፤ ወራቤ ይልከኛል።»

ለካ የስምንት ዓመት ልጅ ውሸቴን ከእኔ ጋር ተሸክማ ኖራለች። ያን ቀን አለቀስኩ፤ አልደብቅህም።

አሁን ለንሳ ሁለታችንንም ከመጀመሪያው ፊደል አስጀምራናለች። ትናንት ሰልሳቢል አይታው የማታውቀውን ገጽ አራት መስመር እየተንተባተበች ገፋችው። አምስተኛው ላይ ቆመችና ከራሷ ፈጥራ ሳትሞላ «ይቺን አላውቃትም» አለች።

ፈተናው ሰኞ ነው። ልትወድቅ ትችላለች፤ ከዚህ በኋላ አላታልልህም። ብትወድቅ ክፍሉን እዚሁ ትድገም፤ እኔም አብሬያት እማራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነውና ቅጣቱን በእሷ አታድርገው፤ ከእኔ አትለያት።

ቅዳሜ ስትደውል «ታነባለች?» ብለህ እኔን አትጠይቀኝ። ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ መጽሐፏን ይዛ ታነብልሃለች። አንዱ ቃል ጋ ደርሳ «አላውቃትም» ካለችህ አደራህን፣ እንዳትቆጣት። እኔ ይህችን አንዲት ቃል ለማለት ሠላሳ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሸምሲያ
አምቦ