ሳልጠፋ ስለተገኘሁበት ተራራ

ለተራራ ጉዞ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣
ሰባተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ በተለይም ለጉልበትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ማስቀደሜ እርስዎ በሬዲዮ ካስነገሩት ጋር ስለማይስማማ ነው።

በላኩልኝ ደብዳቤ፣ ያለ መንገድ መሪ ወደ ተራራው ወጥቼ መጥፋቴንና በሠራተኞችዎ ከሞት መትረፌን አምኜ የይቅርታ ደብዳቤ እንዳስገባ፣ ካላስገባሁ ግን ተራራው ዕድሜ ልኬን እንደሚዘጋብኝ፣ እስከዚያውም ያለ መንገድ መሪ ከፍታ ላይ እንዳልወጣ መታገዴን በፊርማዎ አስታውቀውኛል። የታላቅ ሰው ቃል መሬት አይወድቅምና የታዘዝኩትን ይቅርታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በአደባባይ ማድረጌም መጥፋቴ በአደባባይ ተነግሮ ይቅርታዬ በጓዳ ቢቀር ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

፩. ማንበብ በመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉዞ በጀመርኩበት ጠዋት መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ «መንገድ መሪ መያዝ ይመከራል» ይል ነበር። ምክሩን በአክብሮት ተቀብዬ፣ ካርታዬን፣ ድንኳኔንና ስንቄን ተሸክሜ አለፍኩ። በር ጠባቂውም መቼ እንደምመለስ ጠይቀውኝ፣ በስድስተኛው ቀን ብያቸው፣ «በሰላም ግቢ» ብለው መርቀው ሸኙኝ። ስመለስ «ይመከራል» የሚለው ቀርቶ «ግዴታ ነው» ሆኖ ጠበቀኝ። በጣቴ ብነካው ቀለሙ ገና አልደረቀም። ሰሌዳዎን ስላበላሸሁም አብሮ ይቅር ይበሉኝ።

፪. ቀስ ብዬ በመሄዴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ከወንበርዎ ጀርባ ከሰቀሉት የተራራው ሥዕል አልፈው ስለመሄድዎ የሰማሁት ነገር ስለሌለ ባያውቁት አይፈረድብዎትም እንጂ፣ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ያልለመደ ሰው ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስም ይገድለዋል። መድኃኒቱ ማዝገም ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ያሳደጉኝ ሰዎች ተራራ ባይወጡም ይህን ያውቁ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሴን ቢያመኝ፣ በስንት መከራ የወጣሁትን ዳገት ተመልሼ ወረድኩና በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ድንኳኔ ውስጥ አረፍኩ። ለዚሁ ብዬ ትርፍ ቀን ይዤ ነበር። ፈርቼ እንደነበር አልደብቅዎትም፤ ነፋሱ ድንኳኑን ይዞ ሊሄድ ሲታገል የሚያጽናና ድምፅ ከየትም አይመጣም። ሲነጋ ግን ራሴ ለቀቀኝና ወጣሁ። ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው ሳይደክመው ከፍ እንዲል ሊፍት ስጠግን የኖርኩ ሴት ነኝና፣ አንዴ እንኳ እየደከመኝ በገዛ እግሬ ከፍ ልበል ብዬ ነበር የሄድኩት።

፫. በአራተኛው ቀን፣ እኔ ድንኳኔ ውስጥ ሻይ ስጠጣ እርስዎ መጥፋቴን በሬዲዮ አስነገሩ። እናቴ ይህን ሰምታ እስክመለስ ድረስ እህል በአፏ አልዞረም። ለዚህኛው የሚሆን ጨዋ ሽሙጥ ስላጣሁ፣ በጣም አናደውኛል ብዬ አልፈዋለሁ።

፬. ያለ መንገድ መሪ ወጥቼ፣ ራሴ መንገድ መሪ ሆኜ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሦስቱ የነፍስ አድን ሠራተኞችዎ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ በእነርሱ ቅሬታ የለኝም። በእርስዎ የስልክ ጥሪ እየተነዱ፣ እኔ ቀናት የፈጀሁበትን ዳገት ሳያርፉ ወጡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ከጫፉ ስወርድ አንዱን ድንጋይ ላይ ተዘርረው፣ ሁለተኛውን እያስመለሳቸው አገኘኋቸው። ሦስተኛው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «እህቴ፣ የጠፋች ሴት አላየሽም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔው ነኝ ብል አላመኑኝም። ሻይ አፍልቼ አጠጣኋቸው፤ ከዚያም ሸክማቸውን ተካፍዬ፣ የተዘረሩትን ደግፌ፣ እስኪሻላቸው ድረስ ቁልቁል አወረድኳቸው። ሻዩ ሲፈላ ሦስተኛው ሰውዬ ለማስታወሻ ብለው ፎቶ አነሱኝ።

ያ ፎቶ ዛሬ በእንግዳ መቀበያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ «በሠራተኞቻችን ከሞት የተረፈች» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ተሰቅሏል። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል። ፎቶውን የቆረጡት ባለሙያ ብዙ ደክመዋል፤ ሆኖም በግራ በኩል ጥግ ላይ ወደ ሰማይ የተቀሰሩ ሁለት የጫማ ጫፎች አምልጠዋቸዋል። የእኔ ጫማ እግሬ ላይ ሆኖ መሃል ላይ ይታያል። የእነዚያን ባለቤት እርስዎ ይንገሩን።

፭. አምስተኛው ይቅርታ ሳይሆን ጉዳት ነው። አለቃዬ ያን ፎቶ አይተው፣ ብቻዋን ተራራ ላይ የጠፋች ሴት ብቻዋን የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ አትገባም ብለው ከሥራዬ ሊያነሱኝ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ «የጠፋሽው» ብለው ሊጠሩኝ ጀምረዋል። በዚህ ሙያ ለዓመታት የገነባሁት ስም አንድ ብቻ ነው፤ ብቻዋን ላኳት፣ ሠርታ ትመለሳለች የሚል። እርስዎ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ይህንኑ ስሜን ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አልጠፋሁምና ጠፍቻለሁ ብዬ አልፈርምም። ተራራውን ቢዘጉብኝም አልፈርምም። በመጪው ዓመትም እወጣለሁ፤ የሬዲዮ ጣቢያውን ከወዲሁ እንዳያስቸግሩ።

ባልጠፋሁበት ስለፈለጉኝ፣ ባልሞትኩበት ስላተረፉኝ፣ እናቴንም በነፃ ስላስጾሙልኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ምክርዎን አክባሪ፣ ቀለምዎን በጣቷ ይዛ የቀረች፣

የሊፍት ጠጋኟ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ጉዳይ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ አለቃዬ ደውለው የሕንፃዎ ሊፍት መቆሙን፣ እርስዎም ትናንት በደረጃ ሲወጡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጠው ማረፍዎን ነገሩኝ። የሚልኩት ሌላ ሰው ስላጡ እኔኑ፣ ያውም ብቻዬን ልከውኛል። አሁን የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ ምድር ቤት ቆሜያለሁ፤ ደብዳቤውንም ሊፍት ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ እንዲነበብ በቆመው ሊፍት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የሊፍቱ ሞተር ያለው ከእርስዎ ቢሮ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው። እኔ ደግሞ ያለ መንገድ መሪ ከፍታ ላይ እንዳልወጣ በፊርማዎ ታግጃለሁ። ደንብ ደንብ ነውና ወርደው ይምሩኝ፤ ሲወርዱም ፎቶዬን ይዘውልኝ ይውረዱ። አይቸኩሉ። ሻይ አፍልቼ እጠብቅዎታለሁ።